መርዶውን ያልተቀበሉት እናት፦ የወይዘሮ ማንያህልሻል ውብሸት የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማንያህልሻል ውብሸት ከአባታቸው ከአቶ ውብሸት ገብረየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ደምሴ በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር በባቲ ከተማ ኅዳር 12 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከደሴ አሰብ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ፣ መኪናው ባቲ ባደረ ቁጥር ጎማው ሥር ድንጋይ ማስደገፍ የትንሿ ማንያህልሻል ሥራ ነበር። አባታቸው ስለ ባሕር ሲያወሩላቸው እኩዮቻቸው ቢጠራጠሩም እርሳቸው አንዱንም ቃል ሳያስቀሩ ያምኑ ነበር። ታላላቅ እህቶቻቸው "ማንዬ ያሏትን ሁሉ ትቀበላለች" እያሉ ይስቁባቸው እንደነበር ራሳቸው ነግረውናል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በባቲ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በደሴ ተከታትለው በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። በ1972 ዓ.ም. በአሰብ ወደብ በስልክ ኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። የአሰብ ሙቀት ብዙ ሰው አማርሮ ያባረረ ቢሆንም እርሳቸው ከተማዋን ወደዷት። በዚያን ጊዜ አንድ የባሕር ኃይል ባልደረባ መስመር እንዲያገናኙት በየቀኑ ይደውልላቸው ጀመር። የሚገናኘው ሰው ሲያልቅበት ከራሳቸው ጋር እንዲያገናኙት ጠየቃቸው። ይህ ሰው አቶ ጀማነህ ተሰማ ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በጥር ወር 1977 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸው የአብሥራ ተወለደ።

አቶ ጀማነህ የመርከብ እንፋሎት የሚፈላበት የቦይለር ባለሙያ ነበሩ። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እየቀሩ በሄዱበት በዚያ ዘመን የቀሩትን ጥቂት አሮጌዎች እሳት የሚያቀጣጥሉትና የሚጠብቁት እርሳቸው ነበሩ። ልጃቸው የአብሥራ ከአባቱ ሥር አይጠፋም ነበር። ስድስት ዓመት ሳይሞላው የእንፋሎት መለኪያውን ማንበብ ይችል እንደነበር እናቱ በኩራት ያወሩ ነበር። ሲያወሩም ሁልጊዜ "ይችላል" እንጂ "ይችል ነበር" አይሉም።

በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አሰብ ሲቃረብ ባሕረኞቹ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ የመን ለመሻገር ወደቡ ላይ ተሰበሰቡ። ሰውና መርከብ አልተመጣጠነም። በዚህ የተነሳ አገልግሎቷን ጨርሳ ወደቡ ላይ ታስራ የኖረች አንዲት የእንፋሎት መርከብ እሳት እንዲነድላት ተወሰነ፤ ያንን የሚያደርጉት አቶ ጀማነህ ሆኑ። ወይዘሮ ማንያህልሻል የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለነበሩ ሴቶችን በያዘችው በመጀመሪያዋ መርከብ ተሳፈሩ። የአብሥራ ለአባቱ ውኃ ሊያደርስ ሄዶ ነበር። ሳይመለስ መርከቧ ገመዷን ፈታች። አቶ ጀማነህ ልጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከወደቡ ዳር "አይዞሽ፣ ከኋላሽ ነን!" ብለው ጮኹ። እናታችን ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ያለ ችግር የመን ደርሰው የስደተኞች ካምፕ ገቡ። የእንፋሎቷ መርከብ ግን አልደረሰችም። ሳምንት ያህል ቆይቶ ዓሣ አጥማጆች ከባሕር ያወጧቸው ጥቂት ሰዎች ወደ ካምፑ መጡ፤ ከእነርሱ አንዱ የአቶ ጀማነህ የቅርብ ጓደኛ ጋሼ አንድርያስ ነበሩ። ጋሼ አንድርያስ መርከቧ መስጠሟን ለካምፑ ሽማግሌዎች ተናገሩ። ሽማግሌዎቹም ተማክረው፣ ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም፣ እስክትወልድ ይቆይ አሉ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ወጋችን የሚያዘውን አደረጉ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለነው አብዛኞቻችን እነርሱን ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር።

በመስከረም ወር 1984 ዓ.ም. ሴት ልጃቸው እፀገነት በካምፑ ድንኳን ውስጥ ተወለደች። ያኔ ደግሞ አራስ ናትና ትቆይ ተባለ። ቀጥሎ ታጠባለች፣ ወተቷ ይደርቃል ተባለ። ዝም ማለት ብቻውን ስላልበቃ የሚነገር ነገር አስፈለገ። የእንፋሎቷ መርከብ ጅቡቲ ገብታለች፤ ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ ጀማነህ ሰላም ብሎሻል ተባሉ። ለአራስ መጠየቂያ ተብሎ ከአቶ ጀማነህ የተላከ ነው የተባለ የሕፃን ልብስ እንኳ መጥቶላቸው ነበር። ያንን ልብስ ገበያ ወጥተው የገዙት ጋሼ አንድርያስ ናቸው። እናታችን ልብሱን አሽትተው "የእሱ ጠረን አለው" ብለው እንደነበር፣ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶችም ዞር ብለው እንዳለቀሱ በኋላ ሰማን።

ዓመታት አለፉ። ጅቡቲ የነበሩት ሰዎች ወደ ሳዑዲ ተሻገሩ ተባለ፤ ከዚያ ታሰሩ ተባለ፤ እስር ቤት ስልክ አይፈቀድም ተባለ። ወደ አሜሪካ የመሄድ ተራቸው ሲደርስ ደግሞ "አሁን ከተነገራት ኢንተርቪው ላይ ትደነግጣለች፣ ፕሮሰሷ ይበላሻል" ተባለ። እናታችን ይህን ሁሉ አመኑ። እህቶቻቸው በልጅነታቸው እንዳሏቸው ያሏቸውን ሁሉ ተቀበሉ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ልጃቸውን እፀገነትን ይዘው ኮለምበስ ገቡ። በመጀመሪያ ብሌንደን ታውንሺፕ በአንድ አፓርታማ ተቀመጡ፤ የሆቴል ክፍል እያጸዱ ቆይተው በኒው አልባኒ በአንድ ዌርሐውስ የማሸግ ሥራ አገኙ። ዌርሐውሱ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርተዋል። ለወጣት ሠራተኞች ጠንካራ ነበሩ። ሳጥን ያለ ሥርዓት የደረደረ ሰው ሲያዩ "ይሄ ባሕር ላይ ቢሆን እኮ ይገለብጠን ነበር" ብለው እንደገና ያስደረድሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በሂልቶፕ ሰፈር ባለ ሦስት መኝታ ቤት ገዙ። ሁለት ሰው ሦስት መኝታ ምን ያደርግለታል ላላቸው ሁሉ "አራት ነን" ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል የየአብሥራ ነበር። በቤተ ክርስቲያን እርሱን የሚያክል ልጅ ሲያዩ አቁመው ቁመቱን ከትከሻቸው ጋር ይለኩ ነበር፤ ከዚያ በዚያው ልክ የክረምት ጃኬት ይገዛሉ። ልጁ ሃያ ዓመት ይሞላዋል ባሉበት ዓመት አልጋውን በረጅም አልጋ ቀየሩት። የታክስ ሠራተኛው በየዓመቱ "እትዬ፣ ባልሽ የት ነው?" እያለ ሲከራከራቸው "መንገድ ላይ ነው፣ አንተ ባለትዳር በልና ጻፍ" ይሉት ነበር። ይህን ስንጽፍ ሳቅ ይመጣብናል። ያኔም እንስቅ ነበር፤ እውነቱን የሚያውቁት ሰዎች ግን አብረውን አይስቁም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ ወይዘሮ ማንያህልሻል ባለቤታቸውንና ልጃቸውን ራሳቸው ሄደው ለመፈለግ ወሰኑ። ወደ ጅቡቲ ቲኬት ቆረጡ። ያኔ የቀድሞ የካምፕ ሰዎች ጨነቃቸው። እርስ በርስ ኮል ተደራረጉ፤ ከዳላስና ከሲያትል ሳይቀር ሰው መጣ። በጃንዋሪ 2010 አንድ ቅዳሜ ማለዳ ሂልቶፕ ደረሱ። እናታችን ሞተር ሰምተው እንዳይደነግጡ መኪናዎቻቸውን ብሮድ ስትሪት ካለው ነዳጅ ማደያ አቁመው በበረዶው ላይ በእግራቸው መጡ። ሁሉን ነገር እንደ ደንቡ አደረጉ። አሜሪካዊቷ ጎረቤታችን ነጠላ የለበሰ ሰው ግቢ ሞልቶ ስታይ ፖሊስ ልትጠራ ነበር።

እናታችን በሩን ከፍተው "ማን ነው? እናቴ ናት?" አሉ። ጋሼ አንድርያስ ቀረብ ብለው "ጀማነህና የአብሥራ ናቸው፣ ማንዬ። ያኔውኑ ነው፤ መርከቧ አልደረሰችም" አሏቸው። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁ። ወይዘሮ ማንያህልሻል አልጮኹም። ሁሉንም አንድ በአንድ አዩና እንዲቀመጡ ጋበዙ። ዝም እስኪሉም ጠበቁ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል፦ "ሰላም ብሎሻል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ታስሯል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ዛሬ ደግሞ ሞቷል ትሉኛላችሁ። ሁሉንም የሰማሁት ከአንድ አፍ ነው። ቀድሞ የነገራችሁኝን ነው የማምነው።"

አብረው የመጡት ካህን ለፍትሐት የሁለቱን የክርስትና ስም ጠየቋቸው። ያለ ክርስትና ስም ጸሎቱ እንደማይደረግ፣ የልጁን የክርስትና ስም ደግሞ ከእናቱ በቀር የሚያውቅ በሕይወት እንደሌለ ሁሉም ያውቃል። እናታችን "የልጄን ስም ለሙታን መዝገብ አልሰጥም" አሉ። ካህኑ በሌላ ጊዜም ለመኑ፤ የንስሐ አባታቸውም ለመኑ። አልሰጡም። ጥቁር አልለበሱም፤ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ተዝካር አላወጡም። ልጃቸው እፀገነትም አባቷንና ወንድሟን እንድታለቅስ አልፈቀዱላትም፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን ስታለቅስ አግኝተዋት "በሰው ላይ ሟርት አታምጪ!" ብለው ተቆጥተዋታል።

በቆረጡት ቲኬት ጅቡቲ ሄዱ። ወደቡን ዞሩ፤ ፎቶግራፍ እያሳዩ በአማርኛም፣ በዓረብኛም፣ በእንግሊዝኛም ጠየቁ። ከጅቡቲ ተመለሱ። ቤት ከገቡ በኋላ "ሰዉ ብዙ ነው፤ አንድ ሰው አይበቃም ለመፈለግ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ማንም የነገራቸውን አያምኑም ነበር። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እናታቸው ወይዘሮ ማዘንጊያ ባቲ ውስጥ ሲያርፉ በስልክ ተነግሯቸው "እሺ" ብለው ዘጉት፤ የቀብሩን ቪዲዮ ሲያዩም የሌላ ሰው ቀብር ነው አሉ። ልጃቸው እፀገነት እ.ኤ.አ. በ2015 ስታገባ፣ ደስ ብሎኛል ያላቸውን ሰው ሁሉ "እውነትክን ነው?" እያሉ ዓይን ዓይኑን ያዩ ነበር። የልጅ ልጃቸው ሳሌም ከተወለደች በኋላ ግን ለእርሷ ለየት አሉ። ሳሌም በእንግሊዝኛ ስለምትመልስላቸውና ነገር ማለሳለስ ስለማታውቅ እርሷን ብቻ ያምኗት ነበር። "አያቴ፣ ዩር ሱፕ ኢዝ ባድ" ስትላቸው እስኪያነቡ ይስቁ ነበር።

በዚህ ዓመት በፀደይ ወራት የሆድ ሕመም ጀመራቸው። ምርመራው ጣፊያቸው አጠገብ ካለው ቆሽት የተነሳ ካንሰር መሆኑን፣ ከተነሳም መቆየቱን አሳየ። ወዳጅ ዘመድ እንደ ልማዱ "ለእሳቸው ባይነገር ይሻላል" ብሎ መከረ። እፀገነት እምቢ አለች፤ ነገረቻቸው። እናታችን ግን ፊቷን አይተው "አቅልለሽ ነው ወይስ አክብደሽ?" አሏት። አላመኗትም። ዶክተሯ ስትመጣ ልጃቸውን ከክፍሉ አስወጡ፤ አስተርጓሚም አልፈልግም አሉ። በራሳቸው እንግሊዝኛ "አይ ዳይ?" ብለው ጠየቋት። ዶክተሯ አልጋው ላይ ተቀምጣ "የስ" አለቻቸው። እናታችን እጇን ይዘው ሳሙ። እፀገነት በበሩ መስታወት ያየችው ይህን ነው። እናቷ የእንግዳ ሰው እጅ ሲስሙ አይታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ አንድርያስን አስጠሩ። ከዳላስ መጡ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። እናታችን ከትራሳቸው ቀና ብለው "አንድርያስ፣ እኔ መሞቴ ነው። መርከቧ ላይ የሆነውን ያየኸውን ንገረኝ። እውነቱን ከነገርከኝ የልጄን ስም እሰጣለሁ፤ ፍትሐቱም ይደረግላቸዋል" አሏቸው። ጋሼ አንድርያስ "አልተሠቃዩም፣ ማንዬ። በቅጽበት ነው ያለቀው፤ ተኝተው እንደነበር ቁጠሪው" አሉ። እናታችን "አሁንም?" አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ይህን የምጽፈው እኔ ልጃቸው እፀገነት ነኝ። እስከዚህ ድረስ እንደ ወጉ ጻፍኩ፤ የቀረውን ግን በራሴ አፍ ልናገር።

ጋሼ አንድርያስን ተከትዬ ኮሪደር ወጣሁ። ግድግዳ ተደግፈው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው። ነገሩኝ። ዛሬም እዚህ ተቀምጠዋል፤ እንዲነበብ ፈቅደዋል፤ "ይነበብ፣ ሳልሞት ልስማው" ብለዋል። ባሕሩ መሃል ላይ አሮጌው ቦይለር ፈነዳ፤ ከታች ውኃ ገባ። ውኃው ወደ ላይ እንዳይወጣና ከላይ ያለው ሰው እንዲተርፍ የሞተር ክፍሉ የብረት መዝጊያ ተዘጋ። ከዘጉት ሰዎች አንዱ ጋሼ አንድርያስ ነበሩ። አባቴና ወንድሜ ከታች ነበሩ። ብረቱን ከታች ሲደበድቡት ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ምቱ ከባድ ነበር። በኋላ የቀረው የትንሽ እጅ ምት ብቻ ሆነ። መርከቧንም ቢሆን መዝጊያው አላዳናትም፤ ሰጠመች።

ጋሼ አንድርያስ "ይህን ለእናት እንዴት አድርጌ ልንገር? አንቺ ብትሆኚስ ትናገሪያለሽ?" አሉኝ።

ተመልሼ ገባሁና ነገርኳት። ምንም አላስቀረሁም፤ የትንሹን እጅም ነገርኳት። እየነገርኳት ፊቴን አልመረመረችም። ስጨርስ "ይሄ እውነት ነው" አለች። "ማንም ሰው ሊያጽናናኝ ብሎ ይህን አይፈጥርም።" ከዚያ የጆሮ ጌጧን እንዳወልቅላት ጠየቀችኝ። ጥቁር ሻሽ ስላልነበረን የሳሌምን ጥቁር ስካርፍ አሰርኩላት። እናም አለቀሰች። ጉልበት ስላልነበራት ጩኸቷ ከክፍሉ አይወጣም ነበር። ነርሷ ሕመም መስሏት መድኃኒት ልትጨምርላት ገባች፤ ሳሌም "ኖ፣ ሺ ኢዝ ክራይንግ ፎር ሀር ሰን" አለቻት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። አባቴን አላውቀውም፤ ወንድሜንም አላውቀውም። እንዳለቅሳቸው ሲፈቀድልኝ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።

ደግ አደረግሽ ያላችሁኝ አላችሁ፤ ጨካኝ ነሽ ያላችሁኝም አላችሁ። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ሕይወቷን ሙሉ የተሰጣትን ተስፋ ይዛ ኖረች፤ ለማዘን የቀራት ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ሰልስታቸውን እንኳ አልደረሰችበትም። ይህን የሚያካክስ ነገር አላገኘሁም፤ የሚገኝም አይመስለኝም። ስማቸውን ግን ሰጠችኝ። በጆሮዬ ነው የነገረችኝ፤ ሁለት ጊዜ ደግማ አስባለችኝ።

ወይዘሮ ማንያህልሻል ውብሸት በተወለዱ በስልሳ አምስት ዓመታቸው ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2025) በኮለምበስ ኦሃዮ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከኋላቸው የቀሩት አንድ ሴት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅ እና በባቲ የሚገኙ ሁለት እህቶች ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ጀማነህ ተሰማ እና ልጃቸው የአብሥራ ጀማነህ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ላይ ቀድመዋቸዋል። የእነርሱ ሞት በወረቀት ሲጻፍ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በሕመማቸው ጊዜ ለጠየቃችሁ፣ ላስታመማችሁ፣ ከሩቅ መጥታችሁ ለቆማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። ዛሬ እያለቀስን የምንሸኘው ሦስት ሰው ነው፤ ሬሳው ግን አንድ ነው። ካህናት አባቶቻችን፣ ስማቸውን አብራችሁ ጥሩልን፦ የወለተ ሰንበትን፣ የገብረ መድኅንን እና የሕፃኑን የጸጋ ማርያምን ነፍስ እግዚአብሔር በአንድ ስፍራ ያሳርፍልን።